ዲስክ ይተካል፤ ሰነድ ግን አይተካም

በዚህ እትም ስለ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ዲስክ መበላሸትና አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው አዲስ ዓይነት ስለ መተካት እንጽፋለን። አንዳንዶቻችሁ «ላፕቶፕ ያለው ስንት ሰው ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በካኩማ ኑሯችን በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ ወረቀት ተቀምጦ እንደሚገኝ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የባለ ላፕቶፑ ብቻ አይደለም።

በቅድሚያ የደረሰብንን እንግለጽ። እኛ ቅዳሜና እሑድ ለማኅበረሰቡ ልጆች አማርኛ የምናስተምር መምህራን ነን። ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። በውስጡ በስድስት ዓመት ያዘጋጀናቸው የንባብ መልመጃዎች፣ የተማሪዎች የውጤት መዝገብ፣ እንዲሁም ጎረቤቶቻችን «እናንተ ጋ ይቀመጥልን» ብለው ስካን ያስደረጓቸው የትምህርት ማስረጃዎች፣ የልደት ምስክር ወረቀቶችና የቤተሰብ ፎቶግራፎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል አንዱ የአንዲት እናት ልጅ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ነው። ዋናው ወረቀት ቤታቸው ጎርፍ በገባ ጊዜ ስለተበላሸ፣ የቀረው ቅጂ እኛ ዘንድ ያለው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስናበራ ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም በጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። አጠፋነው፤ አበራነው። መታ መታ አደረግነው። ከሃያ ጊዜ በላይ ሞከርነው። ይህ ሁሉ ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳነው በኋላ ነው። ሌላው እንዳይደግመው በማለት ያየነውንና የተማርነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. ሀርድ ዲስክ ምንድን ነው? ለምንስ ይበላሻል?

ኮምፒዩተር ሲጠፋም ሳይረሳ የሚያስቀምጠው ነገር ሁሉ የሚገኘው በዲስኩ ላይ ነው። በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሀርድ ዲስክ በውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ክብ ሰሃኖች አሉት። እነዚህ ሰሃኖች በላፕቶፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ከላያቸው እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ ያለ ቀጭን ክንድ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ያነባል፤ ይጽፋል። ልዩነቱ የሸክላው መርፌ ሸክላውን ሲነካ፣ የዲስኩ ክንድ ጫፍ ግን ሰሃኑን ሳይነካ በአየር ላይ መንሳፈፉ ነው። ከፍታው እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሳ የአንድ ጸጉር ውፍረት ከእሱ በሺህዎች እጥፍ ይበልጣል።

ከዚህ በመነሳት የችግሩን ምክንያት መረዳት ቀላል ነው። ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ወይም ቢመታ ክንዱ ሰሃኑን ሊነካና ሊቧጭረው ይችላል። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ የነበረው ነገር ሊበላሽ ይችላል። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ የአየር መውጫው በአቧራ የተደፈነ ላፕቶፕ ወደዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ በጊዜው ያልቃል።

2. ኤስኤስዲ በምን ይለያል?

ኤስኤስዲ የሚሽከረከርም ሆነ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መረጃውን የሚይዘው ሁላችንም በምናውቀው የፍላሽ ዓይነት ጥቃቅን ቺፖች ላይ በኤሌክትሪክ መልክ ነው። ይህን ዓይነቱን ማስቀመጫ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስገኙት በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው።

ጥቅሙ በአጭሩ ይህ ነው። መንገጫገጭ አያሳስበውም፤ ድምፅ የለውም፤ በባትሪ ወይም በሶላር ለምንጠቀም ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ነው። ፍጥነቱም ሌላ ነው። የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሳታ በሚባለው መስመር የሚገጠም ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል፤ ክንዱ እስኪደርስ መጠበቅ የለምና። የእኛ ላፕቶፕ እስኪነሳ ሻይ አፍልተን እንጠጣ ነበር። አሁን ውሃው ሳይሞቅ ይነሳል።

ጉዳቱንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ሀርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ያቃስታል፤ ኤስኤስዲ ግን ምንም ድምፅ ሳያሰማ በአንድ ቀን ሊሞት ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘን ፋይል መልሶ ማግኘትም በሀርድ ዲስክ ላይ ካለው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። በተጨማሪም ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በሙቀት ውስጥ የተቀመጠ ኤስኤስዲ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊያጣ ስለሚችል፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለዓመታት ለመርሳት የሚሆን ዕቃ አይደለም።

3. ዲስክ መታመሙን በምን እናውቃለን?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤
- «ቀጭ፣ ቀጭ» ወይም የመፋጨት ድምፅ፣
- ፋይል ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ለረጅም ጊዜ ደርቆ መቆም፣
- ትናንት የነበረ ፋይል ዛሬ አልከፈትም ማለት ወይም ስሙ ወደማይነበብ ምልክት መለወጥ፣
- ሲበራ ዲስክ አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ መታየት።

የእኛ ላፕቶፕ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምልክቶች አሳይቶን ነበር። «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን የጤና ሁኔታ አንብቦ ስለሚያሳይ፣ ዊንዶውስ ያላችሁ አንድ ጊዜ አስጭናችሁ ብታዩ መልካም ነው።

4. ከሁሉ በፊት ሰነዱን ማዳን

ምልክቱ ከታየ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት ነው። ክንዱ ሰሃኑን እየነካ ከሆነ፣ በበራ ቁጥር ተጨማሪ ቦታ ይቧጨራል። እኛ ከሃያ ጊዜ በላይ ያበራነው በገዛ እጃችን ጉዳቱን ስናሰፋ ነበር ማለት ነው።

ዲስኩን ከፍቶ ውስጡን ለማየት መሞከርም ፈጽሞ አይገባም። እዚህ የምንተነፍሰውን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ቅንጣት ብቻ ሥራውን ትጨርሰዋለች። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት የሚለውም ምክር ውስጡ እርጥበት እንዲያዝ የሚያደርግ ስለሆነ አይጠቅምም።

በገበያ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ኬብል ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር አያያዘው። ዲዲሬስኪው የሚባል በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ተጠቀመ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጣል፤ የተበላሸውን ቦታ ዘሎ ያልፍና በመጨረሻ ተመልሶ ይሞክረዋል። የደረሰበትንም በትንሽ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ያቆመው ሥራ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ ሁለት ምሽት ፈጀ። በመጨረሻ የውጤት መዝገቡና ከስካኖቹ አብዛኞቹ ወጡ። የዚያች እናት ልጅ ማስረጃ ከወጡት ውስጥ ነበር። የሦስተኛ ደረጃ የንባብ መልመጃዎቻችንና የሁለት ቤተሰብ ፎቶግራፎች ግን ቀሩ። ለሁለቱ ቤተሰቦች ይህን መንገር ከባድ ነበር።

ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ በቤት ውስጥ ሙከራ ሊብስበት ስለሚችል፣ የያዘው ነገር እጅግ አስፈላጊ ከሆነ ለሚያውቅ ባለሙያ ከመስጠት በስተቀር ምንም አለመንካት ይሻላል።

5. ምን ዓይነት ኤስኤስዲ እንግዛ?

ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ዲስክ አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የተለመደው የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ ባለ 2.5 ኢንች የሚባለው ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 70 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ 7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሁለቱም ቦታ ይገባል። በወፍራሙ ቦታ ውስጥ ከላላ በማሸጊያው ውስጥ የሚመጣውን የፕላስቲክ ክፈፍ ወይም የተጣጠፈ ካርቶን ማስደገፍ ይቻላል።

ማገናኛውንም ተመልከቱ። ጠፍጣፋ የሆነ፣ አንዱ አጭር ሌላው ረዘም ያለ ሁለት መሰኪያ ያለው ሳታ ይባላል። ብዙ ቀጫጭን መርፌዎች በሁለት ረድፍ የቆሙበት ከሆነ ግን አይዲኢ የሚባለው በጣም አሮጌ ዓይነት ነውና የሳታ ኤስኤስዲ አይገጥምበትም። በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ደግሞ እንደ ማስቲካ የረዘመ፣ ኤም ዶት ቱ የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ይገኛል፤ እሱም የተለያየ ዓይነት ስላለው አሮጌውን ለሻጩ ማሳየት ይገባል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለጽሕፈትና ለትምህርት ሥራ 240 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ 223 ብቻ ብሎ ቢያሳያችሁ ሻጩ አልሰረቃችሁም፤ ፋብሪካውና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ነገር ግን ማጭበርበር የለም ማለት አይደለም። በገበያ ላይ መጠናቸው በውሸት የተጻፈ ፍላሾችና ዲስኮች አሉ። ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ከሆነ ጠርጥሩ። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያሳያል። ባዶ ሳለ ብቻ ፈትኑት። እኛ ከኢንሴንቲቫችን አዋጥተን ስለ ገዛን፣ ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት እዚያው ሱቅ እንዲፈተንልን ጠየቅን፤ ባለ ሱቁም ፈቀዱልን።

6. አቀያየሩ

የሚያስፈልገው ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና ነጭ ጨርቅ ነው። ጨርቁ የወደቀ ብሎን እንዳይጠፋ ይረዳል።

አንደኛ፣ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ። ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥር ሴኮንድ ያህል ተጫኑ። ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል።

ሁለተኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት ያልተቀባ ብረት ንኩ። በደረቅ አየር ከሰውነታችንና ከናይለን ልብስ የሚነሳው ኤሌክትሪክ ባይታየንም ቺፖቹን ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የዲስኩን ቦታ ክፈቱ። ይህ እንደ ላፕቶፑ ሞዴል ይለያያል። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ420 እና ቲ430 በሚባሉት ላይ የጎኑን ሽፋን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲፈታ ዲስኩ ወደ ጎን ተስቦ ይወጣል። በሌሎች ላይ ከሥር ለዲስክ ብቻ የተሠራ ትንሽ ክዳን አለ። በአዳዲሶቹና በቀጫጭኖቹ ላይ ደግሞ የታችኛው ሽፋን በሙሉ መነሳት አለበት። እንዲህ ከሆነ ባትሪው ውስጥ ስለሆነ፣ ሽፋኑ እንደ ተነሳ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ማገናኛ መነቀል ይኖርበታል። ብሎኖቹ በርዝመት ስለሚለያዩ፣ በወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሥዕል ስላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ላይ አስቀምጡ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማስገባት ሰሌዳውን ሊወጋ ይችላል።

አራተኛ፣ ዲስኩን ከማገናኛው ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ወደ ላይ አታጥፉት። አሮጌው ዲስክ የተያዘበትን የብረት ክፈፍ ወይም የጎን ጎማ አውጥታችሁ በኤስኤስዲው ላይ አድርጉ። ይህ ከተረሳ ዲስኩ በቦታው ይወዛወዛል።

አምስተኛ፣ ኤስኤስዲውን በዚያው መንገድ መልሳችሁ ሰኩ። ቦታውን ካገኘ ያለ ትግል ይገባል። እምቢ ካለ አትግፉት፤ አቅጣጫውን እንደገና ተመልከቱ። ከዚያ ብሎኖቹን መልሱ። በእኛ ላይ ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በታች ወሰደ።

7. ፕሮግራም መጫን

አዲሱ ኤስኤስዲ ባዶ ነው። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ሆኖ ለፍጥነት ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ክሎንዚላ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሁሉንም እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፤ አዲሱ በመጠን ከአሮጌው ማነስ የለበትም። አሮጌው ከሞተ ግን እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ለዚህም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ከፍላሹ ለማስነሳት ላፕቶፑ ሲበራ የሚጫነው ቁልፍ በዴልና በብዙ ቲንክፓዶች ላይ ኤፍ12፣ በኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው።

ምን እንጫን ለሚለው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችን አይቀበልም። እኛ ሊኑክስ ሚንት ጫንን። ክፍያ የለውም፤ የዎርድ ፋይሎችን የሚከፍት የጽሕፈት ፕሮግራም አብሮት ይመጣል፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞችና ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ፣ ያው ፊደል ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ይህ ማለት ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሰነድ ስታድኑ የተጻፈበትን ፊደልም አብራችሁ አድኑ።

8. አሮጌውን ዲስክ ምን እናድርገው?

«ሞቷል» ብላችሁ አትሽጡት፤ ለልጆች መጫወቻም አትስጡት። ለእኛ ባይነበብም በሌላ ሰው እጅ ሊነበብ ይችላል። በውስጡ ያለው የሰው ስም፣ ፎቶና የግል ወረቀት ነው። የስደተኛ ወረቀት በማን እጅ እንደሚገባ ግድ እንደሚለን መናገር አያስፈልግም። የሚድነው ከዳነ በኋላ ሰሃኖቹን በመዶሻና በምስማር መብሳት አስተማማኝ ነው፤ ከብርጭቆ የተሠሩ ሰሃኖች ስለሚበታተኑ ግን ዲስኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ዓይናችሁን ጠብቁ።

9. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲ ብዙ ሲጻፍበት ያልቃል ይባላል፤ እውነት ነው?
መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን ቶሎ አያልቅም። ለምሳሌ አምራቹ 80 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና የሰጠው ከሆነ፣ በቀን 10 ጊጋባይት ቢጻፍበት እዚያ ለመድረስ 8000 ቀን፣ ማለትም ከ21 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ በጣም አሮጌ ነው፤ ገንዘቡ አይባክንም?
መልስ፦ ሌላው አካሉ ጤነኛ ከሆነና ማገናኛው ሳታ ከሆነ አይባክንም። ላፕቶፑ ቢሞት እንኳ ኤስኤስዲው ወጥቶ ለሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲ ከገባ በኋላ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል?
መልስ፦ ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ ሲሞት እንደማያስጠነቅቅ ከላይ ገልጸናል።

10. ማጠቃለያ

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ዲስክ ግን የያዘውን ይለቃል፤ አሮጌውም ይለቃል፣ አዲሱም ይለቃል። ስለዚህ እኛ ከዚያ ወዲህ የሚከተለውን ሥርዓት አውጥተናል። ማንኛውም አስፈላጊ ሰነድ በሦስት ቦታ ይኖራል፤ አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ብሎክ በሚኖር ባልደረባችን ቤት ባለ ፍላሽ ላይ። ጎርፍ ወይም እሳት አንድን ቤት ቢነካ ሌላው ይተርፋልና። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ቅጂዎቹን እናድሳለን፤ ከፍተንም መነበባቸውን እናያለን። የጎረቤቶቻችንን ሰነድ ደግሞ ለብቻችን ይዘን አንቀመጥም፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቅጂ በፍላሽ ወይም በታተመ ወረቀት መልሰናል። ለዚያች እናትም የልጃቸውን ማስረጃ ሁለት ጊዜ አሳትመን፣ በፕላስቲክ ሸፍነን ሰጥተናቸዋል። አንዱን በሳጥናቸው አኖሩ፤ ሌላውን ለእኅታቸው ሰጡ። ከእኛ በፊት ነገሩ የገባቸው ይመስላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ላፕቶፕ ያላችሁ ዛሬውኑ አንድ ቅጂ ያዙ። ላፕቶፕ የሌላችሁ ደግሞ ሰነዳችሁ ያለበትን ሰው «ሌላ ቅጂ አለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቸኛ ቅጂ ከሆነ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።